እንጀራ ፍለጋ ወደ ጕድጓድ፤ ስለ ኤሚል ዞላ «ጄርሚናል»

ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ «ጄርሚናል» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር በሰሜን ፈረንሳይ የአንዛን ከሰል ቈፋሪዎች አድማ አድርገው ሳሉ፥ ወደ ስፍራው ሄዶ እስከ ጕድጓዱ ወርዶ ሥራቸውን በዓይኑ ተመልክቶ ነበር። ብዙዎች መጽሐፉን የአድማ ታሪክ ይሉታል፤ ነገር ግን አጥብቆ ለሚመረምረው፥ ከአድማው አስቀድሞ የሥራ ፍለጋ ታሪክ ነው።

ኤቲየን ላንቲዬ በሊል ከተማ መካኒክ ሳለ አለቃውን በጥፊ መትቶ የተባረረ ጐልማሳ ነው። በመጋቢት ሌሊት ነፋስ እየገረፈው ሞንሱ ወደሚባለው የከሰል አገር ይደርሳል። ሥራ ይገኝ እንደ ሆነ ቢጠይቅ፥ ጥቁር አክታ የሚተፋ አንድ ሽማግሌ የለም ብሎ ይመልስለታል። ይህ ሽማግሌ ከ8 ዓመቱ ጀምሮ ለ50 ዓመት በማዕድኑ የሠራ፥ ሦስት ጊዜም ከሞት አፍ የወጣ ስለ ሆነ፥ በፌዝ «መልካም ሞት» ተብሎ ይጠራል።

ኋላ ግን ለኤቲየን ቦታ ይገኝለታል። ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት ሞታ ነበርና፥ በእርስዋ ፈንታ በቀን 1 ፍራንክ ከ50 ሳንቲም ተቀጠረ። ደራሲው ይህን በጥቂት ቃል ተናግሮ ያልፋል እንጂ አያለቅስበትም። በዚያ አገር የሥራ በር የሚከፈተው በባልንጀራ ሞት መሆኑን አንባቢው ራሱ እንዲያስተውል ትቶለታልና፥ ጥበቡ ከዚህ ላይ ይታያል።

አደጋውም ከደመወዙ ጋር እንዴት እንደ ተቋጠረ በሚገባ ተገልጧል። ቈፋሪዎቹ የሚከፈላቸው በሞሉት ጋሪ ልክ ነው። ጣራው እንዳይናድ እንጨት የሚያቆሙበት ሰዓት እንጀራቸውን ስለሚቀንስ፥ ድጋፉን ቸል ይላሉ። ኩባንያውም የድጋፉን ዋጋ ለብቻው እከፍላለሁ ብሎ የጋሪውን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል፤ አድማው የተነሣው በዚህ ነው። ቈፋሪው ለሕይወቱ ቢጠነቀቅ ልጆቹ ይራባሉ፤ ልጆቹን ቢመግብ ሕይወቱን ያጣል። ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል እንደሚባለው፥ ሌላ በር የሌለው ሰው ሥራውን መረጠ አይባልም።

በመጽሐፉ ሁለት ካህናት አሉ። አባ ዧር ጌቶቹንም ሠራተኞቹንም ላለማስቀየም ዝም ይላል። አባ ራንቪዬ ስለ ድኆች በድፍረት ይናገራል፤ ነገር ግን በረኃብ ወደ ተጨነቀው ወደ ማሄ ቤት ሲገባ ስብከት እንጂ ዳቦ አልያዘም። ይህ ለካህናት አንባቢዎች መራራ ቢሆንም የሚጠቅም ተግሣጽ ነው።

ደራሲው የሚነቀፍበትም አለ። የኤቲየንን ቍጣ ከአባቶቹ በወረሰው ደም ያመካኛል፤ የተቈጣውንም ሕዝብ እንደ አራዊት መንጋ ይሥላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ፍጻሜው ያከራክራል። ኤቲየን በሚያዝያ ፀሐይ፥ ከምድር በታች ዘር ሲበቅል እየታሰበው፥ በተስፋ ወደ ፓሪስ ይሄዳል። እርሱ ብቻውን ነውና መሄድ ይችላል። ባልዋና ሦስት ልጆችዋ የሞቱባት የማሄ ሚስት ግን የቀሩትን ለመመገብ በ40 ዓመትዋ ወደዚያው ማዕድን ትወርዳለች፤ ደመወዝዋም ኤቲየን በመጀመሪያው ቀን የተቀጠረበት ያው 30 ሱ ነው። እውነተኛው ፍጻሜ ይህ ነው፤ የዘሩ ምሳሌ ከላዩ የተደረበ ጌጥ ይመስላል።

ዞላ አጋኗል የሚል ቢኖር፥ በ1906 ዓመት በዚያው በሰሜን ፈረንሳይ በኩሪየር ማዕድን በደረሰው ፍንዳታ 1,099 ሰዎች መሞታቸውን ያስብ። የዚያ አገር የመጨረሻው የከሰል ጕድጓድ በ1990 ዓመት ተዘግቷል። መጽሐፉ ግን ገና አላረጀም፤ አንድ አሠሪ ብቻ በሚገኝበት አገር ሁሉ፥ ሥራ ፈላጊው በሌሊት መጥቶ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃልና።