የፋሲካ ማግስት ሾርባ

ከ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በኋላ ሆድ ከቅባት ጋር የሚታረቀው ቀስ በቀስ ስለ ሆነ፣ አበው ከዶሮ ወጡ አስቀድሞ ተልባ መጠጣትን ልማድ አድርገውልናል፤ እኔም ከትንሣኤ ማግስት አንሥቶ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾሙባቸው በእነዚያ 50 ቀናት፣ ሚኤሶ በሚገኘው ቤቴ ማለዳ የምሠራው ሌላ ማለስለሻ አለኝ፤ እርሱም የኮሎምቢያ ደገኞች፣ ይልቁንም የቦጎታና የቦያካ ሰዎች፣ ለቁርስ የሚበሉት ቻንጓ የተባለው የወተትና የእንቁላል ሾርባ ነው።

«ምን የባዕድ ምግብ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በዚሁ በእኛ ከተማ በሚያልፈው ሐዲድ ወደ ጅቡቲ መውረዱን፣ ተከታዮቹም ከኮሎምቢያ ሻለቃ ጋር በአንድ የአሜሪካ ክፍለ ጦር፣ በ7ኛው፣ ሥር መሰለፋቸውን ያስታወሰ ሰው፣ ኮሎምቢያን ከቡና ገበያ ተፎካካሪነት በቀር የማናውቃት ሩቅ አገር ናት አይልም።

የሥራው ጭንቅ ወተቱ ላይ ነው። በዚህ ቆላ የማታ ወተት እስኪነጋ ድረስ ሳይታወቅ መኮምጠር ይጀምርና እሳት ሲነካው ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች በጢስ በታጠነ ዕቃ ይዘውት የሚገቡትን የላም ወተት በማለዳ እገዛለሁ፤ የጢሱም መዓዛ ወደ ሾርባው ገብቶ ቦጎታ የማታውቀውን ጣዕም ይሰጠዋል። (የግመሉን ወተት ጎረቤቶቼ አብዝተው ያመሰግኑታል፤ እኔን ግን የሃይማኖቴ ሥርዓት ስለሚከለክለኝ ምስክርነቱን ለእነርሱ እተዋለሁ።)

ለ4 ሰው 2 ኩባያ ወተትና 2 ኩባያ ውሃ፣ ከተከተፈ ለጋ የሽንኩርት ቅጠል ጋር በድስት ጥጄ፣ አንድ ጊዜ ገንፈል ሊል ሲቃጣው ከሰሉን ገለል አደርጋለሁ። በዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ መታሰብ አለበት፤ ቦጎታ በ2,600 ሜትር ላይ ስለ ተቀመጠች ውሃዋ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ የሚኤሶ ከፍታ ግን የዚያ ግማሽ ያህል በመሆኑ የእኛው ፍላት ወደ 95 ይጠጋል፤ የእንቁላል ነጩ ደግሞ 60 ዲግሪን አለፍ ሲል ጀምሮ ስለሚረጋ፣ በሚንተከተክ ወተት ውስጥ የጣለው ሰው የሚያገኘው እንደ ጎማ የጠነከረ ነገር ነው። ስለሆነም ፍላቱ ጋብ እስኪል ታግሼ፣ 4ቱን እንቁላሎች አስኳላቸው ሳይፈርስ አንድ በአንድ ከስኒ ወደ ድስቱ አንሸራትትና 3 ደቂቃ ያህል ሳልነካቸው እቆያለሁ፤ ማማሰል ፈጽሞ ክልክል ነው። ጨው በመጨረሻ፤ ጥቂት የድንብላል ቅጠልም እንዲሁ።

የትናንት ደረቅ ዳቦ ቆራርሶ በየሳህኑ ሥር ማኖር ግዴታ ነው፤ ትኩስ ዳቦ ይላሽቃልና። ሚጥሚጣ ካላየሁ የሚል እንግዳ ቢኖር፣ በትንሽ ስኒ ለብቻው አቀርብለታለሁ እንጂ ድስቱን አላስነካውም።