«የጭንቅ ሰዓታት» እና የአንባቢዎቹ ፍርድ

አንድ መጽሐፍ በብዙ ሰው እጅ ከገባ በኋላ የሚነገርለት ነገር ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይኾን ስለ አንባቢውም ይመሰክራል። በእንግሊዝኛ «ዘ ዴስፐሬት አወርስ» የተባለው፥ በአማርኛም «የጭንቅ ሰዓታት» ሊባል የሚቻለው የአሜሪካዊው የጆሴፍ ሄይስ ልብ ወለድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. ታተመ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በዓመቱ ደራሲው ራሱ ቴያትር አድርጎ ጽፎት በኒውዮርክ ታየ፤ በዚያው በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ዊልያም ዋይለር የተባለው ስመ ጥሩ አዘጋጅ ወደ ሲኒማ አወጣው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሦስት ወንጀለኞች ከእስር ቤት አምልጠው በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ቤት ይገባሉ። አለቃቸው ግሌን ግሪፊን፥ ኹለተኛው ታናሽ ወንድሙ ሀንክ፥ ሦስተኛው ሮቢሽ የሚባል ጨካኝ ሰው ነው። በቤቱ የሚኖሩት ዳን ሂሊያርድ፥ ሚስቱ ኤሊኖር፥ ለሥራ የደረሰችው ልጃቸው ሲንዲና ትንሹ ራልፊ ናቸው። ወንጀለኞቹ የሚጠብቁት ገንዘብ እስኪደርስላቸው ድረስ ቤተ ሰቡን መያዣ አድርገው ይቀመጣሉ። በውጭም ጄሲ ዌብ የተባለ የፖሊስ ሹም ይፈልጋቸዋል፤ በእርሱና በግሌን መካከል የቈየ ቂም አለ።

አንባቢዎች ከኹሉ አብልጠው የሚያመሰግኑት መጽሐፉን ከጀመሩት ሳይጨርሱ ማስቀመጥ የማይቻል መኾኑን ነው። ምስጋናው እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን የሚመረምር ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው ሽጉጡ ይመስለዋል። ሽጉጥማ በርካሽ የወንጀል ታሪክ ኹሉ ሞልቶአል። ሄይስ ግን ዘወትር የሚደረገውን ተራ ነገር አስፈሪ አደረገው። በማግሥቱ አባትና ልጅ ምንም እንዳላገኘው ሰው ወደየሥራቸው እንዲሄዱ ይታዘዛሉ፤ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ በቤት የቀሩት እንደሚሞቱ ያውቃሉ። ዳን ከቤቱ ሲወጣ መንገዱ ነጻ ነው፥ የሚያግደው ጠባቂም አይከተለውም፤ ነገር ግን እግሩ በሰንሰለት ከታሰረ ሰው ይልቅ ታስሮአል። ቈሻሻ ሊወስድ የመጣ ሽማግሌም የዕለት ሥራውን ሲሠራ ማየት የማይገባውን ነገር ስላየ ይገደላል። ከዚህ በኋላ የበር ደወል በተሰማ፥ ስልክም በጮኸ ቍጥር አንባቢው ከቤተ ሰቡ ጋራ ይደነግጣል።

ከነቃፊዎቹ ወገን ዳን ሂሊያርድን ፈሪ የሚሉት አሉ። ወንድ ልጅ ቤቱ ተደፍሮ፥ በሚስቱና በልጆቹ ፊት ተዋርዶ እንዴት እንዲህ ይታገሣል፤ ገና በመጀመሪያው ሌሊት ተናንቆ መሞት ነበረበት ይላሉ። እንዲህ ያለው አስተያየት ደም ያሞቃል እንጂ የመጽሐፉን ነገር አያገኘውም። ዳን ለሕይወቱ አይሳሳም፤ የሚያስጨንቀው የእርሱ ሞት ከልጆቹ አንዱን እንኳ የማያድን መኾኑ ነው። ስለዚህ ፖሊሶቹን ከወንጀለኞቹ ባላነሰ ይፈራቸዋል፤ ቤቱን በተኵስ ቢወርሩት በመካከል የሚያልቁት የእርሱ ሰዎች ናቸውና። ዘመዶቹ በመያዣነት የተያዙበት ሰው ክፉ አድራጊውንም፥ በጎ ለማድረግ የሚቸኵለውንም ባንድነት ሊጠነቀቅ ግድ ይኾንበታል። ደራሲው ይህን ኹለት ወገን ፍርሃት ከማንም አስቀድሞ ተረድቶት ነበር ማለት ባይቻልም፥ እንደ እርሱ አጥርቶ ያሳየው ጥቂት ነው።

በመጨረሻ ነገሩ ተገልብጦ ሽጉጡ በዳን እጅ ይገባል፤ ግሌንም ረዳት አጥቶ በፊቱ ይቆማል። በቀልን ሲጠብቁ የቈዩ አንባቢዎች እዚህ ላይ ቅር ይላቸዋል፤ ዳን አይተኵስምና፥ ከቤቴ ውጣ ብሎ ያስወጣዋል። ይህ ግን ከመጽሐፉ ክፍል ኹሉ የሚበልጠው ነው። ዳን በነዚያ ሰዓቶች ውስጥ ሰው የመግደል ፍላጎት በገዛ ልቡ ሲያድግ አይቶአል፤ ከወንጀለኛው ይልቅ ይህን ፈርቶአል። ቅር ያለው አንባቢ ያን ጊዜ የራሱ ልብ ምን ይፈልግ እንደ ነበር ቢመረምር አይጎዳም።

እውነተኛው ጕድለት በሌላ በኩል ነው። ሮቢሽ ከአውሬነት በቀር ምንም አልተሰጠውም። የቤቱን ሰላም እያየ ያጣውን የሚያስበው ሀንክ ከእርሱ አጠገብ ሲቆም ሮቢሽ ከእንጨት የተቀረጸ ይመስላል። ኤሊኖርም ከባሏ የረዘመ ሰዓት ከወንጀለኞቹ ጋራ ተቀምጣ ሳለ፥ የልቧ ነገር ከባሏ ያነሰ ተጽፎአል።

ቴያትሩንና ሲኒማውን የሚያስተያዩት ሰዎች ክርክርም ተገቢ ነው። በቴያትሩ ግሌንን የተጫወተው ፖል ኒውማን 30 ዓመቱ ነበር፤ በሲኒማው የተተካው ሀምፍሪ ቦጋርት ግን ከሃምሳ ያለፈ ሰው ነው። ቦጋርት ታላቅ ተጫዋች መኾኑ አይካድም፤ ነገር ግን ጎልማሳ አባቱን በሚያኽል ሰው ቤት ገብቶ ሲያዋርደው የነበረው ምሬት በኹለት ሽማግሌዎች መካከል ወደሚደረግ ጠብ ተለወጠ።

ከምስጋናዎቹ ኹሉ ሊጠነቀቁት የሚገባው ግን «እውነተኛ ታሪክ ይመስላል» የሚለው ነው። በመስከረም 1952 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ አጠገብ ዋይትማርሽ በተባለ ሰፈር ሦስት ያመለጡ እስረኞች አባትና እናትን ከአምስት ልጆቻቸው ጋራ በቤታቸው 19 ሰዓት ይዘው ነበር። ማንንም አልመቱም፤ ቤተ ሰቡም ከተለቀቀ በኋላ በጨዋነት እንደ ያዙት ተናገረ። ከዚያም የሰው ዓይንና ወሬ አስመርሮት ወደ ሌላ አገር፥ ወደ ኮነቲከት ተዛወረ። በልብ ወለዱ ግን አባትና ልጅ ይደበደባሉ፥ ሴት ልጅም በነውር ቃል ትሰደባለች። ሄይስ ሌሎችንም ተመሳሳይ ነገሮች አስተያይቶ ስለ ጻፈው፥ ስሙንም ከተማውንም ለውጦ ወደ ተወለደበት ወደ ኢንዲያናፖሊስ ስለ ወሰደው፥ እስከዚህ ድረስ የሚወቀስበት ነገር የለም። ጥፋቱ በ1955 ዓ.ም. «ላይፍ» የተባለው መጽሔት የቴያትሩን ተጫዋቾች ወደዚያው ወደ ዋይትማርሹ ቤት ወስዶ፥ የዱላውንና የድንጋጤውን ጨዋታ በሥዕል አንሥቶ፥ ይህ በዚያ ቤተ ሰብ ላይ የደረሰው ነው ብሎ ማውጣቱ ነው። ደራሲው ከቤቱ ያራቀውን ታሪክ መጽሔቱ መልሶ ከበሩ አደረሰው።

ቤተ ሰቡ ከሰሰ። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በዚያም ስለ ቤተ ሰቡ ቆሞ የተከራከረው ኋላ በ1969 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት የኾነው ሪቻርድ ኒክሰን ነበር። በጥር 1967 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ፥ ጋዜጠኛ ሐሰት መኾኑን እያወቀ ወይም እውነቱን ከቍም ነገር ሳይቈጥር ካልጻፈ በቀር በእንዲህ ያለ ነገር ካሣ አይከፍልም ብሎ፥ ለቤተ ሰቡ የተፈረደውን ሻረ። ዳኞቹ ግን በአንድ ቃል አልፈረዱም፤ ዋናው ዳኛ ኤርል ዋረን ሳይቀሩ ካልተስማሙት ጋራ ቆሙ።