በረዶ የሚከፍተው መንገድ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኒው ኢንግላንድ ገበሬ በብርድ ወራት

ጆን ግሪንሊፍ ዊቲየር «ስኖው ባውንድ» የተሰኘውን ረጅም ግጥሙን እ.ኤ.አ. በ1866 ሲያሳትም፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ሄቨርሂል ውስጥ ካሳደገው የገበሬ ቤተሰብ በሕይወት የቀሩት እሱና ወንድሙ ብቻ ነበሩ። ግጥሙ ከቤት ውጭ ያለው ዓለም በበረዶ ተዘግቶ፣ ቤተሰቡ ምድጃ ከብቦ ሲያወጋ ያሳያል። አንባቢ እጅግ ወደደው። ያ የእሳት ዳር ጨዋታም የአሜሪካ ገበሬ የብርድ ወራት ምስል ሆኖ ቀረ፤ ማረፊያ፣ መተረቻ፣ መሰብሰቢያ። ይህ ምስል ግማሽ እውነት ነው። የብርድ ወራት ሥራ የሚለወጥባቸው እንጂ የሚቆምባቸው አልነበሩም፤ ለዚህ ከማንም በፊት የሚመሰክረውም ራሱ ግጥሙ ነው።

ስሕተቱ ለእኛ አንባቢ «ክረምት» ከሚለው ቃል ይጀምራል። ክረምት ስንል ወንዝ የሞላበት፣ መንገድ የተቆረጠበት ወቅት ይታየናል። ማሳቹሴትስ ባለበት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ፣ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጸደይ ጭቃ የሚውጠውን፣ በሙቀቱ ወራት ድንጋይና ጉቶ የሚያውከውን መሬት በረዶ ሸፍኖ ይደለድለዋል፣ ረግረጉም እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ጎማ በሌለው ተንሸራታች ጋሪ የተጠመዱ በሬዎች በሌላ ጊዜ የማይነቀንቁትን ግንድ ከጫካ ይጎትታሉ። በመንገዱ ላይ ያለው በረዶ ሁልጊዜ የሚጠረግ አልነበረም፤ ለጋሪው እንዲመች ይጠቀጠቅ ነበር እንጂ። ኩሬው ሲጠጥር በረዶው በመጋዝ ተቆርጦ፣ በሰጋቱራ ተሸፍኖ ለሙቀቱ ወራት ይቀመጣል። ክፍት ምድጃ ያለው ቤት በዓመት 20 ኮርድና ከዚያም በላይ እንጨት ሊፈጅ ይችል ነበር፤ አንዱ ኮርድ ብቻ 3.6 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። እንጨት ደግሞ ካልደረቀ በደንብ አይነድም። ስለዚህ ገጣሚው የሚያሞቀን የዘንድሮ እሳት የአምና ብርድ የመጥረቢያ ሥራ ነው።

ግጥሙን በዚህ ዓይን ስናነበው ሌላ ነገር ይገለጣል። ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ልጆቹ እንጨት ያስገባሉ፣ ለላሞች ድርቆሽ ያወርዳሉ፤ ሲነጋ ወደ ጎተራው የሚያደርስ መንገድ በበረዶው ውስጥ ይቆፍራሉ። በኋላም በሬ ነጂዎች የተደፈነውን አውራ ጎዳና እየሰበሩ ይመጣሉ። እናቲቱ የምታወጋው እየፈተለች ወይም እግር ሹራብ እየሠራች ነው። ወጉ የሥራው አጃቢ ነው፤ ትዝታ ግን አጃቢውን ይዞ ሥራውን አደበዘዘው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ከግጥሙ ውጭ ሥራ ሥራውን የሚያሳዩን የዘመኑ ገበሬዎች ማስታወሻ ደብተሮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የማን በሬ ለማን ስንት ቀን እንደዋለ ለማሰብ የተያዙ የዕዳ መዝገቦች ስለሆኑ፣ ዕረፍትን የሚጽፉበት ምክንያት የላቸውም ይባላል። ትክክል ነው። በታኅሣሥ ብርሃኑ 9 ሰዓት ገደማ ብቻ መሆኑም፣ ሜዳው ማረፉም አይካድም። ነገር ግን ዕረፍትን ለማወደስ የተጻፈ ግጥም ያንኑ ሥራ ሳይወድ በግዱ ከመሰከረ፣ ጉድለቱ የደብተሮቹ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

እንዲያውም የደብተሮቹ ከባድ ጉድለት ሌላ ነው፤ ወንዶች የያዟቸው በመሆናቸው የሴቶቹን ሥራ እምብዛም አይጠቅሱም። ለምሳሌ የፋብሪካ ጨርቅ የቤቱን ፈትል እያዳከመ ሲሄድ፣ ነጋዴዎች ከካሪቢያን የመጣ የዘንባባ ቅጠል ለገጠር ቤቶች ያከፋፍሉ ጀመር። ሴቶችና ልጃገረዶች ቅጠሉን ባርኔጣ አድርገው ጎንጉነው ወደ ሱቅ ይመልሳሉ፤ ዋጋው በስኳር፣ በሻይ፣ በጨርቅ ይታሰባል። ታሪክ ተመራማሪው ቶማስ ደብሊን ይህን የቤት ውስጥ ሥራ ያጠናው ከነጋዴዎች መዝገብ ተነሥቶ ነው። በዚያም መዝገብ ቢሆን ሒሳቡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአባት ወይም በባል ስም ነው፤ ጎንጓኚዋን ለማግኘት ከስሙ ሥር የተመዘገቡትን ባርኔጣዎች መቁጠር ያስፈልጋል።