ዳኛው መቼ ፊሽካ ይንፋ?

ሕዝብ ያልመረጣቸው ዘጠኝ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የሕዝብ ተወካዮች ያወጡትን ሕግ በምን ሥልጣን ይሽራሉ? የሕግ ምሁሩ ጆን ሃርት ኢሊ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት «ዴሞክራሲና አለመተማመን» የተሰኘ መጽሐፍ ለዚህ የአሜሪካውያን የቆየ ክርክር ዛሬም ሳይጠቀስ የማይታለፍ መልስ ሰጥቷል።

ኢሊ መጽሐፉን ያበረከቱት በወጣትነታቸው በረዳትነት ላገለገሏቸው ለዋና ዳኛ ኧርል ዋረን ነው። የዋረን ችሎት የመራጮችን እኩልነትና የጥቁሮችን መብት ሲያስከብር «ዳኞቹ የልባቸውን ፍላጎት ሕግ አደረጉት» የሚል ወቀሳ ይወርድበት ነበር። ኢሊ ጥብቅና የቆሙለት በአንድ መከራከሪያ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ በአብዛኛው የሚደነግገው ውሳኔ እንዴት እንደሚሰጥ እንጂ ምን እንደሚወሰን አይደለም። ስለዚህ ፍርድ ቤት እጁን የሚያስገባው ሥልጣን ላይ ያሉት የለውጥን በር ሲዘጉ ወይም ብዙኃኑ በጥላቻ ተነሣስቶ አናሳዎችን ሲጎዳ ነው። የጨዋታ ዳኛ ፊሽካ የሚነፋው ጥፋት ሲሠራ እንጂ ያልወደደው ቡድን ጎል ሲያገባ አይደለም ይላሉ። የሐሳቡ ምንጭ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1938 ስለ ወተት ንግድ የሰጠው ውሳኔ አራተኛ የግርጌ ማስታወሻ ነው።

መጽሐፉ የሚያይለው ስለ ንግግር ነጻነት ሲያወራ ነው። ዳኛው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «መንግሥት የፈራው ጉዳት የሚመጣው ከመልእክቱ ነው ወይስ ከሌላ?» ብሎ ነው። የቬትናም ጦርነት ዘመን ሁለት ጉዳዮችን እንይ። ዴቪድ ኦብራየን በ1966 ቦስተን ውስጥ በፍርድ ቤት ደረጃ ላይ ቆሞ የወታደር ምልመላ ካርዱን አቃጠለ፤ ጥፋተኝነቱም ጸና። በዲ ሞይን ከተማ ደግሞ ተማሪዎች ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ክፍል በመግባታቸው ከትምህርት ታገዱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ፈረደላቸው። በኢሊ መለኪያ ልዩነቱ ፍንትው ይላል። ካርዱ ማንም ሳያይ ጓዳ ውስጥ ቢቃጠልም «ምልመላውን ያውካል» የሚለው የመንግሥት ምክንያት አይለወጥም። ጨርቁ ግን ትርጉሙ ያልገባውን ሰው አይረብሽም፤ ትምህርት ቤቱ የፈራው መልእክቱን ነው። እንዲህ ሲሆን ጥበቃው አስቀድሞ በግልጽ የተሰመረ መሆን አለበት ይላሉ ኢሊ፤ አደጋውን በየጉዳዩ መመዘን ለዳኛው ከተተወ ሕዝብ በደነገጠ ጊዜ ሚዛኑ ወደ መንግሥት ያጋድላልና። በ1951 በኮሚኒስት ፓርቲ መሪዎች ላይ የጸናው ቅጣት ለዚህ ምስክር ነው።

ድክመቱ ወደ አናሳዎች ሲዞር ይገለጣል። ቤት ሰርሳሪዎችም የሚጠሉ አናሳዎች ናቸው፤ ምሳሌውን የሚያነሡት ኢሊ ራሳቸው ናቸው። ሰርሳሪ የሚጠላው በሚያደርሰው ጉዳት ነው ብለው ያልፋሉ። ነገር ግን ተገቢውን ጥላቻ ከጭፍኑ የሚለይ ዳኛ ክፉውንና ደጉን መመዘኑ አይቀርም፤ ኢሊ ደግሞ ከዳኛው እጅ ሊያስጥሉ የተነሡት ይህንኑ ሚዛን ነበር። የሕግ ምሁሩ ሎረንስ ትራይብም መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ይህን ጎን ነቅሰዋል።

የኢሊ ታማኝነት ግን አያጠያይቅም። በ1973 የፅንስ ማቋረጥን መብት ያጸናውን ፍርድ አጥብቀው ተችተዋል፤ ሕግ አውጪ ቢሆኑ ኖሮ ተመሳሳይ ሕግ እንደሚደግፉ በዚያው ጽሑፍ እየተናገሩ። የሚወዱትን ውጤት የሚያመጣን ፍርድ በመርሕ የሚነቅፍ ምሁር ብዙ አይገኝም።

የሕግ ተማሪ የሆናችሁ፣ ስለ ንግግር ነጻነት የሚያወራውን አምስተኛውን ምዕራፍ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ስለ አናሳዎች የሚያወራውን ስድስተኛውን ደግሞ እየተሟገታችሁት።