ከመዳፍ ወደ ግድግዳ፦ የፓሜላ ስሚዝ የታሮት ሥዕሎች

የታሮት ሥዕል የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ የምናየው የአንዲት ሴት ሥራ ነው፤ ወይ ራሱን፣ ወይ እሱን አይተው ሌሎች የሣሉትን። ሴትየዋ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ራይደር በተባለው አሳታሚ የወጡትን 78 ካርታዎች የሣለችው እሷ ናት። ሐሳቡን ያቀረበላት ደራሲው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ስለነበር፣ ካርታው ለብዙ ዘመን በአሳታሚውና በደራሲው ስም «ራይደር ዌይት» ሲባል ኖሯል። ሠዓሊዋን የሚያስታውሰው በየካርታው ላይ ያሰፈረችው ጥምዝ ፊርማ ብቻ ነበር።

ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሲጀመር የካርታ መጫወቻ ነበር። ከምሥጢራዊ ጥበብ ጋር የተቆራኘው ዘግይቶ ነው፤ በ1781 ፈረንሳዊው ኩር ደ ዤብላን ያለ ማስረጃ ከጥንታዊት ግብፅ የመጣ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ። ስለዚህ ዕድል ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባትና ለጠንቋይ ትተን፣ ሥዕሉን እንደ ሥዕል እንየው።

የስሚዝ ትልቁ ሥራ ያለው ታላላቅ ከሚባሉት 22 ካርታዎች ይልቅ ታናናሾቹ 56 ካርታዎች ላይ ነው። ከእሷ በፊት በነበሩት አብዛኞቹ ስብስቦች ሰባት ሰይፍ ማለት የተደረደሩ ሰባት ሰይፎች ነበር። እሷ ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር ትዕይንት ፈጠረችለት። ከለንደኑ የላይሲየም ቴአትር ሰዎች ጋር የሠራች ስለነበረች አሣሣሏ የመድረክ ነው፤ ሰዎቹ ከፊት ይቆማሉ፣ ከኋላቸው መጋረጃ የመሰለ ሰማይ ይዘረጋል። በአምስት ሳንቲም ካርታ ላይ ሁለት ምስኪኖች፣ አንዱ በምርኩዝ፣ አንዷ በባዶ እግሯ፣ በበረዶ ውስጥ ያዘግማሉ። በላያቸው ባለቀለም መስታወት መስኮት ቦግ ብሎ በርቷል፤ ቀና ብሎ ያየው ግን የለም። በር ደግሞ አልተሣለም። መግቢያ ስለሌለ ነው ወይስ ስላልፈለጉት? ሥዕሉ መልሱን ለተመልካቹ ይተዋል፤ ጉልበቱም ይኸው ነው።

ሁሉም ካርታ እንዲህ የተሳካ አይደለም። የዕድል መንኰራኵር በፊደልና በምልክት ተጨናንቋል። ስፊንክሱ፣ እባቡ፣ የዕብራይስጥ ሆሄያቱ፣ በአራቱ ማዕዘን መጽሐፍ የሚያነቡት የሰው፣ የንስር፣ የአንበሳና የላም ገጽ ያላቸው ክንፋሞች ሁሉ ቦታ ይሻማሉ። አርባዕቱ እንስሳን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው የመጨረሻዎቹን ወዲያው ይለያቸዋል፤ ግን እዚህ ምን እንደሚሠሩ ካርታው ራሱ አይነግረውም። ምልክቱ የዌይትን መጽሐፍ ካላነበቡ አይፈታም። ስሚዝ ስትተርክ ታሸንፋለች፤ የዌይትን ትምህርት ስትጭን ትደክማለች።

ምልክቶቹ የሚያምሩት ከካርታ ወደ ካርታ ሲዘዋወሩ ነው። በሞኙ ካርታ ላይ ሰውየው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የያዘው ነጭ ጽጌረዳ በሞት ካርታ ጥቁር ባንዲራ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሞት የሚጋልበው ነጭ ፈረስ ነው፤ በፀሐይ ካርታ ላይ ራቁቱን የሚፈነድቀው ሕፃንም ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ከሞት በስተጀርባ ፀሐይ የምትታይባቸው ሁለት ግንቦች በጨረቃ ካርታ ላይ እንደገና ይቆማሉ፤ አሁን ግን ብርሃኑ ፈዟል፣ ውሻና ተኩላ ያላዝናሉ። አንዱን ካርታ የሚፈታው ሌላው ነው።

የግድግዳ ጌጡ የሚያጠፋው ይህንን ነው። እርግጥ ወፍራሙ መስመርና ልሙጡ ቀለም ሲያጎሉት አይበላሽም፤ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጠው ካርታ ፖስተር ሲሆን እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል። ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ደጋግመው የሚሰቀሉት ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ኮከብና ፍቅረኞቹ ናቸው። ለብቻዋ የተሰቀለች ፀሐይ ከሞት ፈረስ ጋር ያላት ዝምድና ይቋረጥና «ደስ ይበልህ» የሚል መፈክር ትሆናለች። ካርታ ይበወዛል፣ ይገለበጣል፣ ጎረቤቱ ይለወጣል፤ የተቸነከረ ሥዕል ግን ዘወትር አንድ ነገር ይላል።

ታሮትን ማግዘፍ በራሱ ጥፋት አይደለም። ቀራፂዋ ኒኪ ደ ሳን ፋል ጣሊያን ቶስካና ውስጥ ያነጸችውና በ1998 ለሕዝብ የተከፈተው የታሮት የአትክልት ሥፍራ ማስረጃ ነው። ሃያ ሁለቱን ታላላቅ ካርታዎች በመስታወትና በሴራሚክ ያጌጡ ግዙፍ ሐውልቶች አደረገቻቸው፤ እቴጌይቱን በሠራችበት ሐውልት ሆድ ውስጥ ራሷ ዓመታት ኖራለች። እዚያ ሐውልቶቹ አይበወዙም፤ ጎብኚው ግን በመካከላቸው ይዘዋወራል። ከየት ጀምሮ በየት እንደሚያልፍ፣ የትኛውን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚያይ ይመርጣል። በካርታው ፈንታ ተመልካቹ ስለሚንቀሳቀስ የምስሎቹ ንግግር አይቆምም።

ስለዚህ ስሚዝን ግድግዳው ላይ የሚፈልግ ሰው ፀሐይን ከሞት ጎን ይስቀል፤ ወይም ታላላቆቹን ትቶ ከታናናሾቹ ይምረጥ። አምስት ሳንቲም ለሳሎን የሚመች ጌጥ አይደለም፤ እንግዳን ግን ያነጋግራል። ቅጂ ሲገዛም የሠዓሊዋ ፊርማ አብሮ መታተሙን ይይ፤ ከ78ቱ ካርታ ሥራ የቀራት የስም ማስታወሻ እሱ ነበርና።