በ«ኦቴሎ» ሦስተኛ ክፍል ውስጥ የጠባይ መለወጥና የውጥረት አነሣሥ

ሼክስፒር «ኦቴሎ» ብሎ የሰየመው የሐዘን ተውኔት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1604 ዓ.ም. በኖቬምበር 1 ቀን በእንግሊዝ ንጉሥ በቀዳማዊ ጄምስ ቤተ መንግሥት መታየቱ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ተውኔቱ በአምስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፥ የነገሩ ሁሉ መገልበጫ የሆነው በመካከሉ የሚገኘው የሦስተኛው ክፍል ሦስተኛ ትዕይንት ነው። ይህ ትዕይንት ከ480 መስመር ገደማ አይበልጥም። በውስጡ ሰይፍ አይመዘዝም፥ ደም አይፈስም፥ የሚሞትም ሰው የለም። ነገር ግን ሲጀመር ሚስቱን ከነፍሱ አብልጦ ይወድ የነበረው ባል፥ ትዕይንቱ ሲፈጸም ሊበቀላት ምሎ ይነሣል። በአምስተኛው ክፍል የሚታየው ሞት ሁሉ የዚህ ጭውውት ፍሬ ነው።

እንዲህ ያለ ታላቅ ለውጥ በእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ሊሆን ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ሐያስያንን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። ቶማስ ራይመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1693 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በስላቅ ተመልክቶ፥ ስለ አንድ መሐረብ ይህን ያህል ሁከት ማንሣት ለሐዘን ተውኔት አይገባም ሲል ነቅፎታል። ኤ. ሲ. ብራድሊ በ1904 ዓ.ም. ባወጣው ዝነኛ መጽሐፍ ኦቴሎ በተፈጥሮው ቀናተኛ አለመሆኑን አስረድቶ፥ የጥፋቱን ሸክም በኢያጎ ተንኮል ላይ አኖረ። ኤፍ. አር. ሊቪስ ደግሞ በ1937 ዓ.ም. ይህን ፍርድ ገልብጦ፥ ኦቴሎ የወደቀው ኢያጎ ብርቱ ስለ ሆነ ሳይሆን እርሱ ራሱ ለመውደቅ የተዘጋጀ ስለ ነበረ ነው አለ። ከእነዚህ ፍርዶች የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለመለየት ትዕይንቱን ደረጃ በደረጃ መከተል ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ኦቴሎ ወደዚህ ትዕይንት የሚገባው በምን ሁኔታ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በመጀመሪያው ክፍል የታየው ኦቴሎ ረጋ ያለ ሰው ነው። የዴዝዴሞና አባት ብራባንሲዮ ሎሌዎቹን አስታጥቆ በሌሊት ሲመጣበት በጥቂት ቃል ያበርዳቸዋል። በቬኒስ መስፍንና በሸንጎው ፊትም ሳይፈራ ጉዳዩን ተናግሮ ይረታል። ሥልጣኑ የቆመው ግን በጦር ሙያው ላይ ነው። የቱርክ መርከቦች በማዕበል ሲጠፉ ቆጵሮስ የደረሰው የጦር አለቃ የሚዋጋው ጠላት አጣ። ሙያው ጦርነት የሆነ ሰው፥ ሰላም በሆነ ከተማ፥ አዲስ ባል ሆኖ ተቀመጠ። የሚያውቀው ሜዳ ተዘግቶ የማያውቀው ተከፈተለት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ የሚጀምረው በግማሽ ቃል ነው። ከምክትልነቱ የተሻረው ካሲዮ ዴዝዴሞናን አማላጅ አድርጎ ሲነጋገር ቆይቶ፥ ኦቴሎ ሲመጣ አፍሮ ይሄዳል። ኢያጎ በዚህ ጊዜ ነገሩ ደስ እንዳላለው ለራሱ እንደሚናገር አድርጎ ያጉተመትማል። ምን አልህ ተብሎ ሲጠየቅ ምንም እንዳላለ ይመልሳል። ዴዝዴሞና ከወጣች በኋላም ዘዴው ይኸው ነው፤ ጌታው የተናገረውን ቃል እየደገመ ይመልስለታል እንጂ ከራሱ አንዳች አይጨምርም። ከዚህ የተነሣ የሁለቱ ሥፍራ ይለዋወጣል። የሚያሳስተው ሰው ዝም ለማለት የሚለምን፥ የሚሳሳተው ሰው ንገረኝ እያለ የሚያስገድድ ሆኖ ይታያል። ውጥረቱ የሚወለደው ኢያጎ ከተናገረው ሳይሆን ከደበቀው ነገር ነው። ኦቴሎ በገዛ እጁ የጎተተውን ነገር በኋላ እንደ ሐሰት ሊጥለው አይችልም፤ ለፍቶ ያገኘው ይመስለዋልና።

የኢያጎም ጠባይ በዚሁ ይገለጣል። በዚህ ትዕይንት መልካም ስም ለሰው ከሀብት ሁሉ የሚበልጥ ጌጥ መሆኑን ለኦቴሎ ይሰብካል። ጥቂት ቀደም ብሎ ግን በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ለካሲዮ የነገረው ተቃራኒውን ነበር፤ ስም ከንቱ ነገር ነው፥ ያለ ሥራ ይገኛል፥ ያለ ጥፋትም ይጠፋል ብሎ ነበር ያጽናናው። ኢያጎ የራሱ የሆነ እምነት የለውም፤ ለሚያነጋግረው ሰው የሚስማማውን ያለብሳል። በተውኔቱ ውስጥ «ሐቀኛ» እና «ሐቀኝነት» የሚሉት ቃላት ከ50 ጊዜ በላይ ይነገራሉ፤ ብዙውን ጊዜም ለእርሱ የተሰጡ ናቸው።

ሁለተኛው ደረጃ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የሕዝብን ልማድ ለሚመረምሩ ሰዎችም ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። ኢያጎ እስካሁን አንዳች ማስረጃ አላመጣም። አሁን የሚያመጣውም ማስረጃ አይደለም፤ የአገር ልማድ ነው። የአገሬን ሴቶች ጠባይ እኔ አውቃለሁ ይላል፤ በቬኒስ ሴቶች ለባሎቻቸው የማያሳዩትን ሥራ ለእግዚአብሔር ያሳያሉ፥ ለእነርሱ ኃጢአቱ መሥራቱ ሳይሆን መታወቁ ነው ሲል ያስረዳል። ኦቴሎ በዚህ ላይ የሚሰጠው መልስ አንዲት አጭር የመደነቅ ጥያቄ ብቻ ናት። ሊከራከር አይችልም። እርሱ ከሌላ አገር የመጣ ሙር ነው፤ የቬኒስን ሹማምንትና ወታደሮች ያውቃል፥ የቤታቸውን ውስጥ ግን አያውቅም። የአገሩ ተወላጅ ስለ አገሩ ሲናገር እንግዳው ምን ይላል? ኢያጎ የሚዋሸው ስለ አንዲት ሴት ቢሆን ኖሮ ሚስቱን የሚያውቅ ባል ሊያስተባብለው ይችል ነበር፤ ስለ ሴቶች ሁሉ ሲዋሽ ግን ባልየው የሚያውቃትን አንዲቱን ሴት ከማያውቃቸው ሴቶች ቍጥር ውስጥ ይጨምራታል።

ወዲያው ኢያጎ ዴዝዴሞና አባቷን አታልላ እንዳገባችው ያስታውሰዋል። ይህ በአድራጎቱ እውነት ነው፤ ብራባንሲዮም በሸንጎው ፊት ሲለያዩ አባቷን ያታለለች አንተንም ልታታልል ትችላለች ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ለእርሱ ስትል ያደረገችው ነገር በእርሱ ዘንድ መከሰሻዋ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ተፈጥሮ ከራሷ ስትስት የሚል ዐረፍተ ነገር የሚጀምረው ራሱ ኦቴሎ ነው፤ ኢያጎ አፉን ነጥቆ ይጨርስለታል፤ የአገሯን፥ የመልኳንና የማዕርጓን ሰው ትታ ሌላ መውደዷ የተበላሸ ምኞት ምልክት ነው ይለዋል። ኦቴሎ ብቻውን ሲቀር የመልኩን ጥቁረት፥ የአነጋገሩን አለመለስለስ፥ የዕድሜውን መግፋት ይቈጥራል። እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ክፍል ከጠላቶቹ አፍ ተሰምተው እርሱን ያልነኩት ነገሮች ናቸው። አሁን ከገዛ አፉ ወጡ። የጠባዩ መለወጥ የሚታየው ከቍጣው ይልቅ በዚህ ነው፤ ራሱን በሌሎች ዐይን መመልከት ጀመረ።

ዴዝዴሞና በዚህ መካከል የምትሠራው ሥራ ሁሉ ቸርነት ነው፤ ጥፋቷንም የሚያፋጥነው ይኸው ቸርነት ነው። ስለ ካሲዮ የምትለምነው አዲስ ሙሽራ ባሏን እንደምትለምን በጨዋታና በመደጋገም ነው፤ ዛሬ ማታ፥ ነገ ምሳ ላይ፥ ማክሰኞ እያለች ቀን ትቈርጣለች። ተመልካቹ ንጽሕናዋን ስለሚያውቅ ያዝናል፤ ኦቴሎ ግን ትንሽ ቈይቶ በዚሁ ልመና ላይ ሌላ ትርጓሜ ይጭንበታል። ራሴን አመመኝ ሲላት ግንባሩን በመሐረብ ልታስር ትሞክራለች፤ ትንሽ ናት ብሎ ይገፋታል፥ መሐረቧ ትወድቃለች፥ ተዪያት ብሎ ይዟት ይሄዳል። ኤሚሊያ አንሥታ ለኢያጎ ትሰጠዋለች።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ጣሊያናዊው ቺንትዮ በ1565 ዓ.ም. ካሳተመው የተረት መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ባንዲራ ያዡ ራሱ፥ ሴትዮዋ ሕፃን ልጁን ታቅፋ ሳለች፥ መሐረቡን ከመቀነቷ ይሰርቃል። ሼክስፒር ግን ይህን ለውጦታል፤ መሐረቧ የወደቀችው ሚስት ባሏን ስታስታምም ነው፥ ተዪያት ያለውም ባልየው ነው። እንግዲህ የራይመር ነቀፌታ መልስ የሚያገኘው በዚህ ነው። መሐረብ ትንሽ ነገር መሆኗን ደራሲው ያውቃል፤ ትንሽ የሆነችውም ማንም ሳያስተውላት እንድትወድቅ ነው። ክብደቷ የሚነገረው ከወደቀች በኋላ፥ በሚቀጥለው ትዕይንት፥ ኦቴሎ አንዲት ግብጻዊት አስማተኛ ለእናቱ እንደ ሰጠቻትና የባልን ፍቅር የምትጠብቅ መሆኗን ሲተርክ ነው። በአምስተኛው ክፍል ግን አባቱ ለእናቱ የሰጣት ናት ይላል። የሁለቱ ቃል አለመስማማት ተረቱ ሚስቱን ለማስፈራራት የተጋነነ እንደ ሆነ ያስጠረጥራል።

ሦስተኛው ደረጃ ኦቴሎ ተመልሶ ሲገባ ይጀምራል። የሄደው ተጠራጥሮ ነበር፤ የተመለሰው ሰላም አጥቶ ነው። ፈረሱን፥ ከበሮውን፥ ሰንደቁንና የጦርን ክብር ሁሉ አንድ በአንድ ይሰናበታል። ስለ ሚስት የተነሣ ሐዘን ስለ ሙያ ስንብት መሆኑ የሚያስደንቅ ቢመስልም፥ ይህ ሰው ፍቅሩንና ክብሩን ለያይቶ እንደማያውቅ ያስረዳል። ቀጥሎ ኢያጎን አንቆ ይይዘዋል፤ በዐይን የሚታይ ማስረጃ አምጣ፥ አለዚያ ወዮልህ ይለዋል። የትዕይንቱ ውጥረት ጫፍ ይህ ነው። ለአንድ አፍታ ተንኮሉ ሊፈርስ፥ ኢያጎም ሊሞት ይችል ነበር። ነገር ግን ኢያጎ የተበደለ ታማኝ መስሎ ከሹመቱ ልሰናበት ሲል ኦቴሎ ይደነግጣልና ራሱ ያስቀረዋል።

በዐይን የሚታይ ማስረጃ ለጠየቀ ሰው የተሰጠው ግን ምንድን ነው? ካሲዮ ተኝቶ ተናገረው የተባለ የሕልም ወሬ ነው፤ ከዚያም ካሲዮ ጢሙን ሲጠርግባት አየሁ የተባለች መሐረብ ናት። ሁለቱም ከአንድ አፍ የወጡ ናቸው። ዳኛና ከሳሽ ያለበትን ሙግት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ምስክሩ ማን ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቀኑንም ይቈጥር ነበር፤ ካሲዮና ዴዝዴሞና ወደ ቆጵሮስ የመጡት በተለያየ መርከብ ነው፥ ከደረሱም ገና አንድ ሌሊት አልፏል። ስለዚህ የትዕይንቱ ፍጥነት ጉድለት ሳይሆን የተንኮሉ ጋሻ ነው። አንድ ቀን ቢያድር ሐሰቱ በገለጠ ነበር።

ትዕይንቱ የሚዘጋው በመሐላ ነው። ኦቴሎ ተንበርክኮ፥ ወደ ኋላ የማይመለስ የጥቁር ባሕርን ፈሳሽ ምሳሌ አድርጎ ለበቀል ይምላል። እነዚህ የባሕሩ መስመሮች በ1622 ዓ.ም. በወጣው እትም ውስጥ የሉም፤ የሚገኙት በ1623 ዓ.ም. በታተመው ትልቁ መድበል ነው። ኢያጎም በአጠገቡ ተንበርክኮ ይምላል፥ ምክትልነቱን ይቀበላል፥ ለዘላለም የአንተ ነኝ ይላል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተንበርክከው በሰማይ ፊት ቃል ሲገባቡ ማየት ጋብቻን ያስታውሳል። የፊተኛው ቃል ኪዳን የፈረሰው ይኸኛው በቦታው በመተካቱ ነው።

እንግዲህ ብራድሊና ሊቪስ እያንዳንዳቸው የእውነቱን አንድ ወገን ይዘዋል። ኦቴሎ ቀናተኛ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ቅናቱ በዐይናችን ፊት ይሠራል። ደግሞም ያለ እርሱ እርዳታ አልተሠራም፤ ጥያቄውን የጠየቀው፥ ዐረፍተ ነገሩን የጀመረው፥ መሐረቧን የተወው እርሱ ነው። ሁለቱም አጥብቀው ያልያዙት ግን የእንግድነቱን ነገር ነው። በሩ የተከፈተው ጥቁር ስለ ሆነ አይደለም፤ ስለሚኖርበት ሕዝብ ልማድ የሚያውቀውን ሁሉ ከአንድ ሰው አፍ ስለ ተቀበለ ነው። በትዕይንቱ ላይ እውነተኛ ነቀፌታ ሊቀርብ የሚችለው በኤሚሊያ ነገር ነው። ባሏ መሐረቧን መቶ ጊዜ ስረቂልኝ እንዳላት እየተናገረች ያለ ጥርጣሬ ትሰጠዋለች፤ በኋላም እመቤቷ ስትጨነቅ እያየች ዝም ትላለች። ደራሲው ይህን ዝምታ በአምስተኛው ክፍል በነፍሷ አስከፍሏታል፤ በዚህ ሥፍራ ግን ምክንያቱን በበቂ አላስረዳም።

ተውኔቱ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ተመልሷል። አማርኛ ለዚህ ትዕይንት የሚስማማ ሀብት አለው። እንደ ኢያጎ ያለውን ሰው «ነገረ ሠሪ» ብሎ የሚጠራ ቋንቋ ነው፤ ነገር እንደ ዕቃ የሚሠራ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ደግሞ በእንግሊዝኛው ኦቴሎ ኢያጎን ብዙ ጊዜ በ«አንተ» ሲናገር፥ ኢያጎ ለጌታው የአክብሮቱን አነጋገር ይጠብቃል፤ ይህ ልዩነት በዛሬው እንግሊዝኛ ቢጠፋም በአማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ሕያው ነው። ኢያጎን የሚጫወት ሰው ተንኮለኛ መስሎ ቢቀርብ ትዕይንቱ ይፈርሳል፤ በ«እርስዎ» እየተናገረ፥ አንገቱን ደፍቶ፥ ለመናገር እየተጨነቀ ሊታይ ይገባዋል። ኦቴሎን ያጠፋው የጠላት ድፍረት ሳይሆን የታማኝ ሰው ትሕትና ነውና።