የሰው አገር መንደር በአምቦ ሸራ ላይ

የዘይት ቀለም ሥራ ለመማር የሚሻ ወጣት መምህር በቅርቡ ባላገኘ ጊዜ ቀላሉ መንገድ የታወቀ ሥዕል ከፊቱ አኑሮ መቅዳት ነው። በአምቦም ሆነ በጉደር፥ በጊንጪም ሆነ በሆለታ ለሚኖር ተማሪ ደግሞ የአውሮፓ ሮማንቲክ ሠዓልያን የሣሉት የመንደር ኑሮ ልቡን ቢስበው አያስደንቅም፤ ወንዙ፥ ፈረሱና የገጠሩ ቤት ለባላገር ልጅ ዓይን እንግዳ አይደሉምና። እንዲህ ያለው ትምህርት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? የምንመረምረው ይህን ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ኮንስተብል በ1821 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የሣለውን «የድርቆሽ ጋሪ» ለምሳሌ እንውሰድ። በፈረስ የሚሳብ ጋሪ ጥልቀት በሌለው ወንዝ ውስጥ ቆሟል፤ በግራ ቤት፥ ከላይ ደመና የሞላበት ሰማይ ይታያል። ይህን የሚቀዳ ተማሪ አስቀድሞ የሥራን ቅደም ተከተል ይማራል፤ ይኸውም መጀመሪያ ንድፍ፥ ቀጥሎ ስስ የጥላ ቀለም፥ በመጨረሻም ዘይት የበዛበት ወፍራም ቀለም ነው። ሥርዓቱ ከተገለበጠ የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በፈረሶቹ ዕቃ ላይ ያለው ጥቂት ቀይ ቀለም በዙሪያው ያለውን አረንጓዴ ሁሉ እንዴት እንደሚያደምቅም የሚገባው ራሱ በብሩሽ ሲሞክረው ነው። ኮንስተብል ራሱ በ1823 የክሎድ ሎሬንን ሥዕል ቀድቶ ተምሯልና፥ መቅዳት ነውር አይደለም።

ለአገራችንም አዲስ ነገር አይደለም። በ1600 ገደማ በሮማ የሳንታ ማርያ ማጆሬ ሥዕለ ማርያም ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ በደረሰ ጊዜ፥ ሠዓልያኖቻችን አቀማመጡን ተቀብለው ፊቷንና ዓይኗን በአገራቸው ወግ ሣሉ፤ በግራና በቀኝም ሰይፍ የያዙትን ሚካኤልንና ገብርኤልን አቆሙ። ቅጂው የእኛ ሆነ።

ጉዳቱ የሚጀምረው ተማሪው ከእጅ ሥራው ጋር ዓይኑንም ሲያስረክብ ነው። የኮንስተብል ብርሃን እርጥብ አየር ሩቁን የሚያደበዝዝበት የሰሜን አገር ብርሃን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አምቦ ግን ቀትር ላይ ጥላው አጭርና ጥቁር ነው፤ በመስከረምም የሩቁ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። የእንግሊዝን ሰማይ በምዕራብ ሸዋ የጤፍ ማሳ ላይ የሚዘረጋ ሠዓሊ የለመደውን እንጂ ያየውን አልሣለም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ኮንስተብል ጸጥ ያለውን መንደር በሣለበት ዘመን የምሥራቅ እንግሊዝ የእርሻ ሠራተኞች በችግር ተነሣስተው ሁከት ያደርጉ ነበር፤ ሸራው ግን ስለዚህ አንዳች አይናገርም። የገበሬው ልጅ ይህን ዝምታ አብሮ ከቀዳ፥ የአባቱን ድካም ለሌላው ሰው ዓይን ማረፊያ አድርጎ ያቀርባል።

መፍትሔውን ከቫን ጎግ እንወስዳለን። እርሱ በ1889ና በ1890 በሳን ሬሚ ሕሙም ሆኖ ሳለ የሚሌን የገበሬ ሥዕሎች ሃያ ያህል ቀዳ፤ ከፊቱ የነበሩት ግን የጥቁርና የነጭ ኅትመቶች ስለሆኑ ቀለሙን ራሱ መፈለግ ግድ ሆነበት። የምዕራብ ሸዋ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ቀለም የሌለውን ኅትመት ይስጡ እንላለን። ተማሪው አቀማመጡን ከጌታው ይውሰድ፤ ቀለሙን፥ ጥላውንና የሰዎቹን ፊት ግን ወደ ጉደር ወንዝ ወርዶ ይፈልግ።